ልኬቱ የተጀመረበት ደረጃ

እብነ በረድ ጠራቢው ማስትሮ ፓናጎስ ቪዳሊስ ከአባታቸው ከማርካንቶኒስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍራንጌስካ በዚህችው ደሴታችን ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲማሩ፣ የመምህሩን ማስመሪያ ከራሳቸው ማስመሪያ ጋር አስተያይተው አጭር ነው በማለታቸው ከክፍል መባረራቸው ይነገራል።

ከዚያም በኮረብታችን ላይ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በመጠገን ሥራ አርባ ዓመት ሲያገለግሉ፣ የሌላ ሰው ልኬት አምነው አንዲት ድንጋይ አልቆረጡም። ወይዘሮ ዛምቤታን ባገቡ ጊዜም ከሙሽሪት ወገን የተሰጣቸውን ቤት በቱንቢ ፈትሸው ግድግዳው ዘሟል ቢሉም፣ ሙሽሪትን ግን አልመለሱም፤ ልጃቸውን ማሩሶንም በዚያው በዘመመው ቤት ወልደው አሳደጉ።

የወይዘሮ ዛምቤታ ወንድም መምህር ኢሲዶሮስ፣ ማለትም ይህን ዜና ሕይወት አሁን የሚያነብላችሁ አንባቢያችሁ፣ የቤተ መቅደሱ ፊት ስፋት ለከፍታው ሲካፈል የጥንት አባቶቻችን የውበት ምስጢር የሚባለውን ወርቃማ ምጣኔ፣ አንድ ነጥብ ስድስት አንድ ስምንትን፣ በትክክል ይሰጣል የሚል መጽሐፍ አሳትሞ መንደሩ ሲያጨበጭብለት፣ ማስትሮ ፓናጎስ ብቻ ተነሥተው፣ «አንተ መምህር፣ ከስንተኛው ደረጃ ነው መለካት የጀመርከው? የጣሪያው ጫፍ እንደሆነ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ ቁመቱን ማን ነገረህ?» አሉት። አንባቢያችሁም ቅናት ነው ብሎ አኮረፋቸው። እርሳቸው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው ማግሥት ሜትራቸውን ይዘው በሩ ላይ እየቆሙ፣ አብረን እንለካ ሲሉት አልከፈተላቸውም።

የድንጋይ ብናኝ ባመጣባቸው የሳንባ ሕመም አልጋ ይዘው፣ የሐኪሙን የሙቀት መለኪያ ሳይቀር ሲጠራጠሩ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ዜና ሕይወታቸውን ከዚህ አንባቢ በቀር ማንም እንዳያነበው ተናዘዋል። ኑዛዜው ይቅርታ ይሁን ወጥመድ፣ አንባቢው እስከ አሁን ይጠራጠራል።

ወጥመድም ከሆነ ገብቶበታል፤ ያ ቁጥር የሚመጣው ልኬቱ ከሁለተኛው ደረጃ ሲጀመርና የፈረሰው ጫፍ እንደተመኙት ሲገመት ብቻ ነው። አንባቢው በሩን ያልከፈተላቸውም ይህን፣ መጽሐፉን ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ፣ ያውቅ ስለነበር ነው።

ማስትሮ ፓናጎስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዛምቤታን፣ ልጃቸውን ማሩሶን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አንድ የሚስት ወንድም ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእርሳቸው መናገር የነበረበትን ዛሬ ለእናንተ ለተናገረውም ምሕረቱን ይላክለት።