ጋሽ ኦይታ ያልሰፋው ጋውን

ከገረሴ ቁልቁል የወረዳችሁ፣ ከምዕራብ ዓባያ በማለዳ ተነስታችሁ የደረሳችሁ ዘመዶች፤ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና መዘምራን፤ የዕድራችን ሰዎች፤ የጋሽ ኦይታ ባለቤት እትዬ ሻሺቱ፤ ልጆቹ ቤተልና ካሌብ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሁላችንንም ያጽናን።

እኔ ፈቃደ ነኝ። ልብስ ሰፊው። ሲቀላ ሰፈር፣ በረንዳው ላይ ከጋሽ ኦይታ በስተቀኝ የምቀመጠው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ በረንዳ፣ አንድ ካውያ። ንግግር አልችልም። ዛሬ ግን ልናገር ብዬ ሽማግሌዎቹን ለምኜ ነው የቆምኩት። የምለው ነገር አለ፤ እስክደርስበት ታገሡኝ።

ጋሽ ኦይታ ማን ነበር? ሲሰፋ ያየው ያውቃል። አንድ ስፌት ይሰፋል፤ መኪናውን ትቶ ይነሳል፤ ይተኩሳል። ተመልሶ ሁለተኛውን ይሰፋል፤ ይነሳል፤ ይተኩሳል። አንድ ሱሪ ስንት ስፌት አለው? ያን ያህል ጊዜ ይነሳል። መጀመሪያ ስፌቱን ሳይከፍተው፣ እንደተሰፋ በካውያ ይጫነዋል፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ እንዲቀመጥ። ከዚያ ገልብጦ በጣቱ ይከፍተውና እንደገና ይጫነዋል። ካውያውን አይጎትትም። ያሳርፋል፤ ያነሳል። መብራት ሲጠፋስ? እኛ እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ እሱ የከሰል ካውያውን ያቀጣጥላል።

እኔ እቀልድበት ነበር። «ጋሽ ኦይታ፣ ከመስፋት መመላለሱ በዛ እኮ! በዚህ እግርህ ገረሴ በደረስክ ነበር» እለዋለሁ። ይስቃል። ያቺን ሳቁን ታውቋታላችሁ አይደል? ድምፅ ሳያወጣ በትከሻው የሚስቃትን።

አንድ ቀን አንድ መምህር ኮቱን ሊወስድ መጣ። ቸኩሏል። ጋሽ ኦይታ ደግሞ ኮቱን ገልብጦ የብብቱን ስፌት ይተኩሳል። «ኧረ ይበቃል! ከገበሩ ሥር ያለውን ማን ያየዋል?» አለ መምህሩ። ጋሽ ኦይታ ቀና አላለም። «ማንም አያየውም። ግን ክንድህን ስታነሳ ይይዝሃል። አንተ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ነው የምትውለው» አለው። መምህሩ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መምህር ክብሩ፣ ይኸው እዚህ አለህ። ኮቱንም ለብሰኸው መጥተሃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

የዛሬ ሰባት ዓመት መዘምራናችን ምዕራብ ዓባያ ለጉባኤ የለበሱትን ጋውን ታስታውሳላችሁ? ማን ይረሳዋል! ሠላሳ ጋውን። ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሽመናችን፣ ዱንጉዛ፣ የሚወርድበት። ሕዝብ ፊት ሲቆሙ የአንዱ ዱንጉዛ ትከሻው ላይ ተሰብስቧል፤ የሌላው ሆዱ ላይ ተጨማዷል። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ተባለ? «ኦይታ ዓይኑ ደክሟል።» ገበያ ላይ ተባለ። «ኦይታን እጁ ከድቶታል።» ቤተክርስቲያን በር ላይ ተባለ።

ያንን ጋውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ቆዩ፣ ልጨርስ።

ያን ሳምንት ጋሽ ኦይታ እናቱን ሊቀብር ገረሴ ወጥቶ ነበር። ጨርቁን ቀዶ ሰጠኝና «ፈቃደ፣ ዱንጉዛው በእጅ የተሸመነ ነው። እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ሳትተኩሰው ከሌላው ጋር እንዳትገጥመው። ስፌቱንም እየተኮስክ ሂድ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ምን አደረግሁ? ዝም ብዬ ሰፋሁት። መብራት አልጠፋብኝም። ጊዜም አላጠረኝም። ጉራ ነው! ከእሱ ቀድሜ ልጨርስ፣ «ፈቃደ እኮ ይፈጥናል» ልባል። መጨረሻ ላይ ከውጭ በኩል ካውያ ጎተትኩበትና እሱ ሳይመለስ አስረከብኩ። ተሰቅሎ ሲያዩት ያምር ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው። ቀድሞ በካውያ ያልተኮማተረው ዱንጉዛ ሲደርቅ ተኮማተረ፤ ሰማያዊው ጨርቅ አልተኮማተረም።

ወንድም አሞጽ፣ አንተ የመዘምራኑ መሪ ነህ። ጋውኖቹን በማዳበሪያ ከረጢት አምጥተህ በረንዳው ላይ ስትዘረግፋቸው እኔ እዚያው ነበርኩ። «ጋሽ ኦይታ፣ ምን አደረግንህ?» አልከው። አንዱን አነሳ። ገለበጠው። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የማን እጅ እንደሆነ፣ ምን እንዳልተደረገ፣ ወዲያው አወቀ። እኔ መርፌ የወደቀብኝ መስዬ ከመኪናዬ ሥር አጎንብሻለሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሞጽ» አለህ።

ሠላሳውንም ተርትሮ መልሶ ሰፋው። እናንተ ግን መልሳችሁ አልለበሳችሁትም፤ ሌላ ቦታ አሠራችሁ። አልወቅሳችሁም። ጋሽ ኦይታ ግን ከዚያ ወዲያ ለገዛ ቤተክርስቲያኑ አንዲት ቁልፍ እንኳ ሳይተክል ሞተ። እሑድ እሑድ ተቀምጦ የሌላ ሰው ስፌት ያይ ነበር። እኔም ከጎኑ ቆሜ እዘምር ነበር። ድምፄ እንዴት ወጣልኝ?

«ለምን?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። «አንተን ሰው ገና እየለመደህ ነው። ስምህ አሁን ከተበላሸ ማንም አይመጣልህም። እኔን ያውቁኛል» አለኝ። ያውቁኛል ብሎ ነበር። አላወቅነውም እኮ! እትዬ ሻሺቱ፣ ሰርግ ያለው ሰው ሁሉ በደጃችሁ አልፎ ሲሄድ «ምን ሆነው ነው?» ስትይው ምን ይልሽ ነበር? «ጊዜው ነው» ይልሽ ነበር። ጊዜው አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ «ልናገር» አልኩት። «ተወው» አለኝ። «ሻሺቱ ከሰማች ከእሷ ማን ያስጥልሃል?» በዚያ ድካሙ መሃል ሳቀ። እንግዲህ ከቃሉ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ተኩስ አለኝ፤ አልተኮስኩም። ተወው አለኝ፤ ይኸው አልተውኩም።

የጋሞ አባቶች የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ነው ይላሉ፤ በሰው ፊት በአፍህ ካላወጣኸው መዘዙ ከቤትህ አይወጣም። እኛ ንስሐ እንለዋለን። ስሙን ማንም የፈለገውን ይበለው፣ እኔ ሰባት ዓመት አብሬው አድሬአለሁ። ስለዚህ ስሙኝ። ገበያ ላይ የሰማችሁ፣ ገበያ ላይ መልሳችሁ ተናገሩ። የኦይታ ዓይን አልደከመም። የኦይታ እጅ አልከዳውም። ፈቃደ ነው ያበላሸው በሉ። ስሜን ጥሩት።

እትዬ ሻሺቱ፣ ከእግርሽ ሥር ነኝ። የምትይኝን ሁሉ እሰማለሁ፤ ዛሬ ካልሆነልሽ ነገም እመጣለሁ።

ጋሽ ኦይታ። ይቅር በለኝ ብዬ አላደክምህም፤ አንተ ይቅር ያልከኝ ያን ቀን በረንዳው ላይ ነው። ሰባት ዓመት የእኔን እፍረት ተሸክመህልኛል። አሁን አውርደው፤ ለእኔ ስጠኝ። አንተ ቀና ብለህ ሂድ።