ረቡዕ ረቡዕ የሚደገመው እንከን

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሀብተ ሥላሴ ኑዛዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ የሆነው ይህ ሰው፣ በወር አንድ ቀን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ከአባ ፊት ተንበርክኮ «ተቆጣሁ፣ ዋሸሁ፣ አማሁ» ይላል፤ ቀኖናውን ተቀብሎ ይነሣል። በወሩ ያችኑ ሦስት ቃል ይዞ ይመለሳል። ቤቱ ግን ቀዝቅዟል። የስምንት ዓመት ልጁ እሌኒ የአባቷን ብስክሌት ደወል ስትሰማ ጓዳ ትገባለች፤ ሚስቱ ሙሉነሽም ካልተጠየቀች አትናገርም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ በጣና ዳር ሲያዘግም እትዬ ፀሐይወርቅን አገኘ። ከዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው።

«ትናንት ስትናዘዝ አየሁህ» አሉት። «የጀመርሁትን አባታችን ሆይ ሳልጨርስ ተነሣህ። ብስክሌትህ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።»

ሀብተ ሥላሴ ፈገግ ብሎ ዝርዝሩ ምን እንደሚረባ ጠየቃቸው። ኃጢአቱ ያው ነው፤ እግዚአብሔርም ያውቀዋል። እሳቸው ግን ጨርቅ ላይ እንከን ሲያገኝ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቁት።

«ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚደገም።»

«እንከን አለ ብለህ አታልፍም?»

«እንዴት ተደርጎ፣ እትዬ? በየአርባ ሳንቲ ሜትሩ ከተደገመ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን የማሽኑ ነው። ርቀቱን ካልለካሁ መካኒኩ የቱን ያስተካክላል?»

«አባስ የቱን ያስተካክሉልህ? ቁጣህ በማን ላይ ነው? ከምን በኋላ?»

ሀብተ ሥላሴ የተቆጣባቸውን ቀኖች በጣቱ ቆጠረ፤ ሁሉም ረቡዕ ላይ ወደቁ። ረቡዕ የፋብሪካው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ቀን ነው። እዚያ ለማያምንበት ነገር ያጨበጭባል፤ ንዴቱን ቤት ይዞ ይገባል።

«ባለፈው ረቡዕ የእሌኒን ደብተር ቀደድሁባት» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ለአባ ለመናገር አፍራለሁ።»

«ስትቀድድ ያላፈርህ፣ ስትናገር ብታፍር ምን አለበት? ሁሉን ቁጠር አላልሁህም፤ የሚደገመውን ንገራቸው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ሀብተ ሥላሴ ሃያ ደቂቃ ተንበረከከ። ልማዱን ከነቀኑ፣ ከነሰበቡ ዘረዘረ፤ የጭብጨባውንም ውሸት አልደበቀም። አባም ሁለት ነገር አዘዙት፤ ልጁን ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ረቡዕም ቤት ሳይገባ ሐይቁ ዳር ቆሞ መቁጠሪያውን እንዲጨርስ።

እትዬ ፀሐይወርቅ የገባቸው ይህ ነበር። ልማዱን በጅምላ የሚናዘዝ ሰው መቼና በየት በኩል እንደሚወድቅ አያውቅም፤ የንስሐ አባቱም ለቁስሉ የሚስማማ መድኃኒት ሊያገኙለት አይችሉም። አጥርቶ የተናዘዘ ግን ሊጠብቅ የሚገባውን በር ለይቶ ያውቃል፤ ቤተሰቡም ያርፋል።

በተከታዮቹ ሦስት ወራት አሥራ ሦስት ረቡዓት ነበሩ። ሀብተ ሥላሴ በሁለቱ ወደቀ፤ ሁለቱንም ለይቶ ተናዘዘ። በመጀመሪያዎቹ አራት እሌኒ ከጓዳ አልወጣችም። ከቀሩት ዘጠኝ ግን በሰባቱ፣ ደወሉን ሰምታ የግቢውን በር የከፈተችለት እሷ ነበረች።