በመስቀል ማግስት የዋለው ችሎት

ሰው ሲዋሽ ለምን ቀን እንኳ አይመርጥም? ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ለጎረቤታቸው ያወራሉ።

«ያን ጠበቃዬን የጥብቅና ፈቃዱን ነጠቁት!»

«ውይ እትዬ አማረች! ምን አድርጎ?»

«የእንሰት መሬቴን ክስ ሳይከፍት ‹ተቀጠረ› እያለ ሲያመላልሰኝ ከረመ። በመስቀል ማግስት ደውሎ ‹ዛሬም ችሎት ቆሜልዎታለሁ› አይለኝም!»

«በመስቀል ማግስት? ከተማው ሁሉ ገጠር ገብቶ ሥጋ ላይ አይደል እንዴ!»

«ያኔ ነቃሁና ለጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ አመለከትኩ። ሰብሳቢው ሳይቀሩ ሳቁ፤ ‹የትኛው ዳኛ ነው ክትፎውን ትቶ የመጣልህ?› አሉት።»

«መሬቱስ?»

«አዲሷ ጠበቃ ከሰሰችልኝ፤ ተፈረደልኝ! ዘንድሮ መስቀልን እዚያው እንሰቴ ሥር ነው የማከብረው። ልጆችሽን ይዘሽ ነይ!»

ወሬያቸው ጥሞኝ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ» ሳልል እስከ መናኸሪያ አብሬያቸው ሄድኩ።