ፊቱ ወደ ግድግዳ

(ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ከሰዓት። ከወገቡ በታች ሽባ የሆነው ሹፌር ማንደፍሮ ከተኛበት ክፍል ውስጥ፤ ባለቤቱ ስንዱና ታላቅ እህቱ እትዬ በለጥሻቸው። ጠያቂዎች ሳሎን ተቀምጠዋል።)

በለጥሻቸው፦ ማነው ወንድሜን ወደ ግድግዳ ያዞረው?

ስንዱ፦ እኔ ነኝ።

በለጥሻቸው፦ በይ መልሺው። የሹፌሮቹ ማኅበር ከሸዋ ሮቢት ድረስ መጥተው ጀርባውን ይጠይቁ?

ስንዱ፦ ዛሬ አይመለስም፣ እትዬ።

በለጥሻቸው፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ቀስ ይበሉ፤ ትኩሳቱ ገና አሁን ነው ያስተኛው።

በለጥሻቸው፦ እንግዳ ሲገባ ጉርሻውን አቋርጦ የሚነሳ ሰው! እግሩ ቢከዳው ፊቱም ይክዳው? ነገ አገር ምን ይለናል?

ስንዱ፦ ነርሷ ምን አለችን? ቶሎ ቶሎ አገላብጡት፣ በጀርባው አታቆዩት አላለችም?

በለጥሻቸው፦ ታዲያ ይህ ጉደኛ ፍራሽ ለምን መጣ? ነፋሱ እየሞላ እየጎደለ ራሱ ያገላብጠው የለም?

ስንዱ፦ ያግዛል እንጂ አያገላብጥም። ደሞስ ነፋሱ የታለ? እስቲ ይጫኑት።

በለጥሻቸው፦ ውይ፣ ረግቧል። ጣውላው እኮ ነው እጄን የነካኝ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል።

ስንዱ፦ መብራትማ አለ። ሶኬቱ ነው የተነቀለው።

በለጥሻቸው፦ እኔ ነኝ የነቀልኩት። አባ ጸሎት ሲያደርሱ ያ የፍራሹ ሞተር እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ዝም ልበል? ላንድ አፍታ ብዬ ነው።

ስንዱ፦ አባ የመጡት ማክሰኞ ነው።

በለጥሻቸው፦ እና አንቺ ዓይን የለሽም? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ስንዱ፦ አይቻለሁ። እኔ ስሰካ እርስዎ ሰው በመጣ ቁጥር ሲነቅሉ ሰለቸኝ። የባሌን ታላቅ እህት በሰው ፊት ልመልስ? ይሉኝታ ያዘኝ። የኔም ጥፋት ነው፤ አልክድም።

በለጥሻቸው፦ ከሥሩ ያነጠፍኩለት ቡሉኮስ የት ገባ?

ስንዱ፦ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ።

በለጥሻቸው፦ የሠርጉን ቡሉኮ! ላስቲክ ላይ እንደ ትርፍ ጎማ ተጋድሞ እንዳይታይብኝ አጣጥፌ ያነጠፍኩትን!

ስንዱ፦ ከስስ አንሶላ በቀር ምንም አይነጠፍ ተብሎ ነበር። በዚያ ሁሉ ድርብርብ ነፋሱ ቢሞላስ ምን ይደርሰዋል?

በለጥሻቸው፦ ለምን ተዘፈዘፈ? ንጹሕ ነበር እኮ።

ስንዱ፦ ጠጋ ይበሉ እስቲ። ምን ይሸትዎታል?

በለጥሻቸው፦ እሱን ተዪኝ። ማንደፍሮ ራሱ ትናንት «እህቴ፣ አይጥ ሞቷል መሰለኝ፤ እንግዳ ሳይመጣ ፈልገሽ ጣይልኝ» ብሎኝ ቁም ሳጥኑን ሳምስ ዋልኩ። አላገኘሁትም።

ስንዱ፦ አይጥ አይደለም።

በለጥሻቸው፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ያ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ቀልቶ የነበረው ገላው ነው። ሙቀት ነው ብለው ቅቤ የቀቡት።

በለጥሻቸው፦ ቅቤ ማንን ገደለ?

ስንዱ፦ አንሶላውን ልገልጠው ነው። ካልቻሉ አይዩ።

በለጥሻቸው፦ አዝዬ ያሳደግኩትን ገላ ልፍራ? ግለጪው!

ስንዱ፦ ይኸው።

በለጥሻቸው፦ ኧረ እመቤቴ! ኧረ ስንዱ፣ ይሄ ነጩ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ አጥንቱ ነው፣ እትዬ።

በለጥሻቸው፦ እንዲህ ሲበላው እንዴት አንድ ቀን እህ አይለኝም?

ስንዱ፦ መቼ ይሰማዋል! የሸተተው ራሱ መሆኑንም አያውቅም።

በለጥሻቸው፦ አልነገርሽውም?

ስንዱ፦ ምን ብዬ ልንገረው?

በለጥሻቸው፦ ለሰው ዓይን ስል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ወንድሜን ገደልኩት።

ስንዱ፦ ገና አልሞተም፤ አያሟርቱ። ሆስፒታል ደውያለሁ። ቁስሉ ደሙን መርዞት ይሆናል፣ ሳይመሽ አምጡት ብለዋል። ሚኒባስ ደጅ ቆሟል።

በለጥሻቸው፦ ይተርፋል አሉሽ?

ስንዱ፦ አላሉኝም።

በለጥሻቸው፦ በምን አቅማችን እናወጣዋለን? እኔና አንቺ?

ስንዱ፦ እንጃ። አሁን ደግሞ በሩን እያንኳኩ ነው። ጠያቂ መመለስ እኔ አልችልበትም። ምን ልበላቸው?

በለጥሻቸው፦ ፊቱን እንዳትመልሺው፤ እንደዞረ ይሁን። በሩን ክፈቺልኝ። (ወደ ጠያቂዎቹ) ወንድሞቼ፣ ማንደፍሮ ዛሬ ጀርባውን ሰጥቷችኋል። ልታዩት የመጣችሁ ተመለሱ፤ ልትሸከሙት የምትችሉ ግቡ።