ድንች ሲልጥ የሚከፍተው ዘፈን

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሴት፣ አጠገቧ ያሉትን የማታውቃቸውን እናት ድንገት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ አገውኛ ይሰማሉ?»

«አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው! ምነው ልጄ?»

«ባሌ ወጥ ሲሠራ የሚከፍተው ዘፈን አለ።»

«ባልሽ ወጥ ይሠራል?»

«እኔ ሱቅ ስለምውል ማታ ማታ እሱ ነው የሚሠራው። ድንች እየላጠ ይኸንኑ ዘፈን ይደጋግመዋል። እኔ ብቅ ስል ያጠፋዋል።»

«ምንድን ነው ስትዪውስ?»

«ዜማውን ወድጄው እንጂ እኔም አገውኛ አልሰማም ይለኛል። አብሮ ሲያንጎራጉር ግን አንድ ቃል አይስትም!»

«እህ።»

«ትናንት ከበር ኋላ ቆሜ በስልኬ ቀዳሁት። እስቲ ይስሙልኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው፤ ሚኒባሱ በሙሉ ጸጥ አለ።

«እስቲ ድገሚው» አሉ እናትየው።

ደገመችው።

«ስለ በሬ ነው።»

«ስለ በሬ?»

«ቀይ በሬው የጠፋበት ገበሬ ነው። ተመለስልኝ እያለ ይጠራዋል።»

«ታዲያ ባሌ ለበሬ ብሎ ነው ዕንባ የሚያቀርረው?»

«ሽንኩርቱ ይሆናላ።»

«እኔ ስገባስ ለምን ያጠፋዋል?»

«ወንድ ልጅ ለበሬ ሲያለቅስ ከታየ ያፍራል። ወጡስ ይጣፍጣል?»

«እሱ አይደል የሚያናድደኝ፤ በጣም ይጣፍጣል!»

«እንግዲያ ዝም ብለሽ ብዪ። የቀዳሽውንም አጥፊው።»

እኔም አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን አንድም በሬ አልሰማሁም።