አልፈርምም ያሉት የወይዘሮ ማንተግቦሽ ወልዴ ዜና ሕይወት

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ወይዘሮ ማንተግቦሽ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ አባይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ በ1952 ዓ.ም. ቡሬ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በስደት ካርቱም ሳሉ ከአቶ ራጉኤል ጋር በቁርባን ተጋብተው፣ በ1983 ዓ.ም. ሜልበርን ገቡ፤ አዜብንና ተስፋሚካኤልንም ብሬብሩክ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር በኪራይ ቤት ወልደው አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ፋብሪካ ሲሆን፣ እዚያም ከጅማ ከመጡት ሙስሊም ባልደረባቸው ከወይዘሮ ሲፋን ጋር አንድ ማሽን ላይ ቆመው፣ አንዳቸው የሌላኛቸውን ጾም አክብረው ኖሩ።

በ2007 ዓ.ም. ከተማው በሽብር ወሬ ሲታመስ፣ የወይዘሮ ሲፋንን ስም እንኳ አስተካክሎ ጠርቶ የማያውቀው አለቃቸው በድንገት ጆሮው ተከፈተ። ወይዘሮ ሲፋን ማሽኑን ባስነሱ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይላሉና፣ ይህ ዛቻ ነው ተብሎ ከረባት ያሰሩ ሦስት ጎልማሶች ለስብሰባ ተቀመጡ። አእምሮ የሚባል ነገር በሦስቱ መካከል ተፈልጎ አልተገኘም። ሦስት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉት ወይዘሮ ሲፋንም ከሥራ ታግደው ቤታቸው ዋሉ።

ወይዘሮ ማንተግቦሽ ግን የግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ታይቶ፣ አንቺ የእኛ ነሽ በሚል ፈገግታ ሻይ ቀርቦላቸው፣ ቃሉን ሰምቼ ፈርቻለሁ የሚል ወረቀት እንዲፈርሙ ተጠየቁ። ቢስሚላህ ማለት በእግዚአብሔር ስም ማለት መሆኑን፣ እርሳቸውም ማሽኑን ሲያስነሱ በስመ አብ እንደሚሉ አስረድተው፣ ክስ የሚጻፍ ከሆነ የእርሳቸውም ስም እንዲገባበት ነግረው፣ ሻዩን ሳይቀምሱ ተነሡ።

ክርስቲያን ሆነሽ ለእስላም ምን አገባሽ ያሏቸው ደግሞ ፈረንጆች አልነበሩም፤ ከዚሁ ከእኛው መካከል ነበሩ። «ካርቱም ስንራብ ያጎረሰን ማን ይመስላችኋል?» ብለው መልሰውላቸው፣ ከዚያ በኋላ ለእነርሱ ቃል ማባከን ትተዋል።

ወይዘሮ ሲፋን በሦስተኛው ሳምንት አንድም ሰው ይቅርታ ሳይላቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ የወይዘሮ ማንተግቦሽ ሺፍት ግን በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ወረደ። መሥሪያ ቤቱ ትናንት የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ቤተሰቡም ውጭ ከመኪና ማቆሚያው አስቀምጦታል።

በጉበት ሕመም አልጋ ላይ በዋሉበት አንድ ዓመት ከስምንት ወር፣ ከሩቁ የዌሪቢ ሰፈር እየተመላለሱ ከልጃቸው ከአዜብ ጋር ገላቸውን ያጠቡላቸው ወይዘሮ ሲፋን ነበሩ፤ እነዚያ «ለእስላም ምን አገባሽ» ያሉት መካሪዎች በስልክ እንኳ አልጠየቁም። ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ማንተግቦሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን እና እህታቸውን ወይዘሮ ሲፋንን ትተው ሄደዋል። የመጨረሻው ስም በቤተ ክርስቲያን እንዳይነበብ ዛሬ ጠዋት ከአንዳንድ ወገኖች ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ዝርዝሩን ያስጻፉት ግን ሟቿ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ቅር ያለው ካለ ሄዶ እርሳቸውን ይጠይቅ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ልቡና ይስጠን። አሜን።