እትዬ አሰለፈች ባላቸውን ያስመለሱ ዕለት

መሐል ሜዳ ከተማ ከቤት ቤት እየዞርኩ ኮምፒውተር ስጠግን ያላየሁት ጉድ የለም፤ የእትዬ አሰለፈች ግን ይለያል። ባላቸው ጋሽ ከበደ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ኮምፒውተሬን ብርድ መትቶት አልነሳ አለ» ብለው አስጠሩኝ። ስደርስ ማሽኑን በባና ብርድ ልብስ ጀቡነውታል። ታፍኖ ነው እንጂ ብርድስ አልነካውም! ገልጬ አቧራውን ስጠርግ እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ጎተቱኝ።

«እንዳይነሳ አድርጊልኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጡረታ ሲወጣ ቁጭ ብለን እናወጋለን ስል፣ ይኸው ከነጋ እስኪመሽ እዚያ ላይ ካርታ ይጫወታል። ባሌን መልሺልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ገዳይ አይደለሁም» አልኳቸው። ግን አንጀቴን በሉት። ኮምፒውተሩን አስነሳሁና የካርታ ጨዋታውን ብቻ አጠፋሁት። ጋሽ ከበደ ሲጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ «ቫይረስ በልቶት ነው» አልኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ደወሉ። «አንቺ፣ ቶሎ ነይና ያንን ካርታ መልሺለት!»

«ምነው፣ ባልዎ አልተመለሱም እንዴ?»

«ተመልሶ ነው እንጂ! በርጩማውን ይዞ ወጥ ቤት ገብቶልሻል። ሽንኩርት አከታተፌን ሲያርም ይውላል። ትናንት ለሽሮዬ ከአሥር አራት ሰጠኝ!»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቦርሳዬን አነሳሁ። የእትዬን ሽሮ ቀምሼዋለሁ፤ አራቱንም የሰጧቸው ለትዳራቸው ብለው ነው።